ሹልክ ሰንሰለቱን ለምን ፈታ

«ምላጭ» የሚለውን ስም ያወጡልኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው ትላለች እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ከእናቷ ቤት ይዛው የወጣችው ነው። ገና ልጅ ሳለች አንድ እንግዳ ቤት መጥቶ «ይቺ ልጅ እንዴት አድጋለች!» ቢል፣ «አንተም እንዴት አርጅተሃል!» ብላ እናቷን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ያሰኘች ናት። አሁን አርባን ካለፈች ቆይታለች። አግብታ ፈትታለች። ለምን ተፋታችሁ ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ «ሲያኝክ ይሰማል» ከማለት ሌላ ማብራሪያ ሰጥታ አታውቅም።

ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ወርክሾፑ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ የተለጠፈ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ የመንጋጋ ቅርጽ በሚወጣበት ጂፕስ ብናኝ ነጥቷል፤ መደርደሪያው ላይ ጥርስ አልባ መንጋጋዎች እንደ ዳቦ ተደርድረዋል። እሷና አለቃዋ ጀርባ ተሰጣጥተው ይሠራሉ። አለቃዋን ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ስድሳን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ከጥርስ ሌላ ወሬ የማያውቁ ሰው ናቸው። ቢያንስ ምላጭ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ጂፕስ አንዴ ከፈሰሰ እስኪደርቅ ማንም አያስቸኩለውም። ምላጭ ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ስልኳ ላይ ኮሚክ በማንበብ ታሳልፈዋለች። ኮሚኩ በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚወጣለት «የተንጠለጠለችው ከተማ» የሚባል ነው። በሁለት ተራሮች መሃል በአራት ሰንሰለት ስለተንጠለጠለች ከተማ ይተርካል። የላይኛው ሰፈር የጌቶች፣ የታችኛው ሰፈር የድሆች ነው። በመሃል ሹልክ የሚባል አታላይ አለ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮው እንደ ቀበሮ የሾለ፣ የደረሰበትን ሁሉ አቂሎ በመስኮት የሚወጣ። አንድ ቀን ታዲያ ይህ ሹልክ ምን እንደቆረጠው ሳይታወቅ ማማው ላይ ወጥቶ የምዕራቡን ሰንሰለት ፈታው። ከተማዋ ዘመመች። የሞተ የለም፤ ነገር ግን የጌቶቹ የብር ሳህን እየተንሸራተተ የድሆች ጓሮ ገባ፣ የድሆቹ ዶሮ ንግሥቲቱ አልጋ ላይ ጉብ አለች። በመጨረሻው ሥዕል ሹልክ ማማው ላይ ቆሞ ይስቃል። ጉንጩ ላይ አንዲት ጠብታ አለች።

አንባቢው በዚያች ጠብታ አበደ።

«እንባ ናት» አለ ግማሹ። ሹልክ ለድሆች አዝኖ ነው። የለም፣ ልጅነቱ ተጎድቶ ነው። የለም፣ ንግሥቲቱን በድብቅ ወዷት ነው። አንዱ የጥላውን ቀለም እየመረመረ ሊነበብ የማይቻል ረጅም ትንታኔ ጻፈ፤ ሌላዋ ጠብታዋን አጉልታ፣ በቀይ ከብባ ለጠፈችና «ሐዘንን ያላየ ሰው ይህን አያይም» አለች። ምላጭ ይህን ሁሉ እያነበበች በአፍንጫዋ ትስቅ ነበር። «ጉንጭ አልፋ» በሚል ስም ገብታ የጻፈችው አጭር ነበር፤ «ላብ ነው። ሰንሰለት መፍታት ያልባል።»

እሳት ጫረች። በተለይ «ምክንያት አለው» በሚል ስም የሚጽፍ አንድ ሰው እንቅልፍ ነሳት። ረጋ ያለ፣ የተማረ፣ ስድብ የማያውቅ ነው፤ ይኸው ነው ደግሞ የሚያበግናት። «ማንም ሰው ያለ ምክንያት ክፉ አይሆንም» ይላል። እሷ ትመልሳለች፤ «ልጅነቱ የተጎዳ ሁሉ ከተማ የሚያዘም ቢሆን ኖሮ አንዳችንም ቀጥ ብለን አንቆምም ነበር።» እሱ፦ «ለድሆቹ አዝኗል።» እሷ፦ «ያዘነላቸውን ሰዎች ቤት አናወጠ? ደግ ሰው ነዋ! ሹልክ ያደረገው ሳህን ሲንሸራተት ማየት ስለሚያስቀው ነው። አለቀ።» አንዳንዴ ትዕግሥቷ ያልቅና ሰውየውን «የእንባ ደላላ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ «መነጽርህን ብትወለውል ላቡን ታየው ነበር» ብላዋለች።

አንድ ጠዋት፣ የአንዲት ሴትዮ የታች መንጋጋ እየደረቀ ሳለ፣ ምላጭ ስልኳን ከፍታ አዲሱን መልስ አነበበች። «ምክንያት አለው» እንዲህ ይላል፤ «ከፊት ለፊቱ ገጣሚ ያጣ ጥርስ ቦታውን ለቆ ይረዝማል። ጥፋቱ የጥርሱ ነው ትላላችሁ?»

ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ይህን ነገር ከዚህ ቀደም ሰምታዋለች። የተነቀለ ጥርሱን አላስተካም ላለ ሰው ሁሉ ጋሼ የሚሉት ነው፤ ቃል በቃል።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር።

«ወዬ።»

«ምክንያት አለው?»

የጋሼ መሞረጃ ዝም አለ። ጀርባቸው ሲደርቅ በጀርባዋ ተሰማት።

«ላብ አይደለም» አሉ በመጨረሻ።

ምላጭ እንዲህ የሳቀችበትን ቀን አታስታውስም። ጋሼ ግን አልሳቁም። ዞረው መነጽራቸውን አደረጉና፣ «የእንባ ደላላ ያልሽኝ አንቺ ነሽ?» አሉ። ነኝ አለች። «መነጽር ወልውል ያልሽኝስ?» እሱንም ነኝ አለች። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አዩት፣ በጋውናቸው ጠረጉት። በጂፕስ ነጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ከስልክ ወርዶ ወርክሾፑ ውስጥ ገባ። ሰም ሲያቀልጡ ስለ ሹልክ፣ ድድ ሲቀቡ ስለ ሹልክ ሆነ። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ነርስ ትዕዛዝ ልታደርስ ብቅ ባለች ቁጥር ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ቀበሮ ጆሮ ሲነታረኩ ሰምታ አንገቷን እየነቀነቀች ትመለሳለች።

በዚህ መሃል ነው የምላጭ ወንድም የመጣው።

ታናሿ ነው፤ ሠላሳ አምስት ሞልቶት ገና የሚሆነውን ያልወሰነ። ሰፈሩ «ቅቤው» ይለዋል፣ አፉ ስለሚያለሰልስ። ሥራ ተቀጥሮ ከወቅት ወቅት ደርሶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ውሃ ሊጠፋ ነው ብሎ ሰፈሩን በሙሉ ባልዲ አሸክሞ፣ እሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ሰልፉን ሲያይ የዋለ ጉደኛ ነው። ውሃው አልጠፋም። እናታቸው ያን ጊዜ ያለችው «ልጄ ለሰው አስቦ ነው» ነበር። እናታቸው ለቅቤው የማታገኝለት ምክንያት የለም።

ቅቤው ወርክሾፑ የገባው ምሳ ግዢልኝ ሊል ነበር። መደርደሪያው ላይ ያሉትን መንጋጋዎች እያነሳ «ይሄ ሰው ቁጡ ነው አይደል? ግራ ግራውን ፈጭቶታል» አለ። ጋሼ ደነገጡ፤ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ጋሼ ተሸነፉለት። የተጠገነ ጥርስ ወደ ደንበኛ ቤት የሚያደርሰው ሠራተኛ በቅርቡ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዶ ስለነበር ቦታው ክፍት ነበር።

«ጋሼ፣ ተዉ ይቅርብዎት» አለች ምላጭ። «ይሄ ሰውዬ ራሱ ሹልክ ነው። ጆሮው ብቻ ነው የቀረው።»

ይህን ማለቷን ኋላ እንደ እብድ ተጸጸተችበት። የጋሼ ዓይን በራ። በማግስቱ ቅቤው ሥራ ጀመረ።

ጥቂት ጊዜ ደህና ሄደ። ከዚያ የዳኛው ጥርስ መጣ። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ሚስታቸውን፣ ሬዲዮውን፣ መንገደኛውን፣ ዝናቡን ሁሉ ይቆጣሉ። የላይ ጥርሳቸው መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ነበርና ምላጭ ጠገነችው፤ ቅቤው በትንሽ ሳጥን አድርጎ ይዞላቸው ሄደ። መስቀያው ላይ የነበረው የጋሼ ትርፍ ጋውን አብሮት እንደሄደ ያስተዋለ የለም።

ከቀናት በኋላ ስልክ ጮኸ። የዳኛው ባለቤት ነበሩ። ጋሼ ድምፁን ከፍ አድርገው ከፈቱት።

«እጃችሁ ይባረክ» አሉ ሴትዮዋ፤ ድምፃቸው ሊያለቅሱ የደረሱ ያህል ነው። «ቤቴን ጠገናችሁልኝ። ትናንት እህቴ መጥታ ምሳ በላን፣ ተጫወትን። ሬዲዮ ሰማሁ። ሠራተኛዋ ሳህን ሰበረች፣ ማንም ምንም አላላትም። ያን ሐኪም እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ።»

ጋሼ ስልኩን ዘግተው በኩራት ዞሩ። «ሰማሽ? ሥራችን ምን ያህል ከሰው ሕይወት...»

«የትኛውን ሐኪም?» አለች ምላጭ።

መልሱ የመጣው ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ በራሳቸው በዳኛው እግር ነው። በሩን ያለ ማንኳኳት ከፍተው ገቡ፤ አንገታቸው ላይ ደም ሥራቸው ተገትሯል። ድፍን ሳምንት ታፍኖ የከረመ ድምፅ ወርክሾፑ ውስጥ ሲለቀቅ መደርደሪያው ላይ ያሉት መንጋጋዎች ተንቀጫቀጩ።

«የታለ ያ ሐኪም ተብዬ?! ሙጫው እስኪጠና አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ ያለኝ! በተለይ ቁጣ ክልክል ነው ያለኝ! ጥርሱ የተሰነጠቀው በጩኸት ነው ያለኝ! በወረቀት እየጻፍኩ ውሃ ስለምን ከረምኩ እኮ! ዛሬ የጥርስ ሐኪሜን ብጠይቀው ሳቀብኝ! ሳ-ቀ-ብኝ!»

ጋሼ ወንበር ሊስቡላቸው ሲሞክሩ የሰም ሳህኑን ገለበጡት። ይቅርታ ጠየቁ፣ አጎነበሱ፣ ደግመው ይቅርታ ጠየቁ። ምላጭ ግን ዳኛው ሲጮሁ የምታየው ጥርሳቸውን ነበር። ንቅንቅ አላለም። ጥሩ ጥገና ነበር።

ቅቤውስ? ድምፁን ከኮሪደሩ ሰምቶ ኖሮ ጋውኑን በር እጀታ ላይ ሰቅሎ ተሰውሯል።

ጋሼ ዳኛውን እስከ መንገድ ሸኝተው ተመለሱ። ከዚያ ወለሉ ላይ የረጋውን ሰም በቢላ እየፋቁ፣ «ለሴትዮዋ አዝኖ ነው» አሉ።

«ጋሼ!»

«ጠይቄዋለሁ እኮ። አሁን ከመንገድ ላይ ደወልኩለት። ሻይ ስትቀዳ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ አለኝ።»

ምላጭ ወዲያው ለእናቷ ደወለች። እናቷ ወሬው ደርሷታል። «ሰውየው ነው ያስቀየመው!» አለች። «በር ላይ አቁሞ ተላላኪ ብሎት! ልጄ ክብሩ ተነክቶ ነው።» ምላጭ በመጨረሻ ራሱን ቅቤውን አገኘችው። «እኔ ምን አውቃለሁ እታለም» አላት፤ «አፉን ከፍቶ ሳየው አፌ ላይ መጣልኝ።»

«ሦስት ሰው፣ ሦስት ምክንያት» አለች ስልኩን ወርውራ። «ለእያንዳንዳችን በየልካችን ሰፍቶልናል። እርስዎም ለብሰው ይዞራሉ።»

ጋሼ ሰሙን መፋቃቸውን ቀጠሉ። ይሄ አናደዳት መሰለኝ፣ ለማንም አውርታ የማታውቀውን ነገር ጀርባዋን እንደሰጠች ጀመረች።

«አባዬ ሆስፒታል ሳለ ምላሱ ተይዞ ነበር። አንዲት ቃል አይወጣውም። እማዬ እግሯን ታምማ ደረጃውን መውጣት ስላልቻለች እኔና ቅቤው ነበርን የምናስታምመው። ከሰዓት ከሰዓት እሱ ቤት ሄዶ ለእማዬ የአባዬን ቃል ይነግራታል። ዛሬ እንዲህ አለ፣ ስላስቸገርኳት ይቅር ትበለኝ አለ፣ ያን ሰማያዊ ቀሚሷን እንድትለብስልኝ አለ። በሕይወቱ ይቅርታ ጠይቆ የማያውቅ ሰው! እኔ እኮ አጠገቡ ነበርኩ። ምንም አላለም።»

«እናትሽ ምን ሆኑ?»

«ምን ትሆናለች? እስከ ዛሬ በዚያ ትኖራለች።»

«ታዲያ...»

«ታዲያ ፊቱን አይቼዋለሁ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሲነግራት አየሁት። ፊቱ በርቶ ነበር። ደስ ብሎት ነበር፣ ጋሼ! ያዘነ ሰው ፊቱ አይበራም።»

ጋሼ ቢላውን አስቀመጡ። «ሁለቱ አብረው አይሆኑም?»

«በኮሚክ ይሆናሉ» አለች ምላጭ።

እሑድ እናቷ ቤት ሄደች። ቅቤው ሶፋው ላይ ተዘርግቶ የዳኛውን አጻጻፍ በእጁ እያሳየ እናታቸውን ያስቃል፤ እናታቸው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ምላጭ እስኪያበቃ ጠበቀችው። እናታቸው ወደ ጓዳ ስትገባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ ምንም አላለም» አለችው።

ቅቤው አልደነገጠም። ተነስቶ ተቀመጠ እንጂ።

«አውቃለሁ። በር ላይ ቆመሽ ነበር።»

«አይተኸኛል?»

«አይቼሻለሁ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ስጠብቅ ነበር። ይኸው ስንት ዓመት።» ከዚያ፣ ያለ ሹፈት፣ የምር ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው አያት። «አንቺ ለምንድን ነው ዝም ያልሽው?»

ምላጭ አፏን ከፈተች። ለሰው ሁሉ መልስ ያላት ሴት ናት። ለእማዬ አዝኜ ነው ልትል ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ይህ የጋሼ ዓይነት ንግግር ሆኖ ተሰማት። ደግሞስ እውነት ነው? ወይስ እሱን የያዘችበትን ነገር ማጣት አልፈለገችም? ያን ጊዜ በር ላይ ቆማ ምን እንደተሰማት ልታስታውስ ሞከረች፤ የታያት የእናቷ ሰማያዊ ቀሚስ ብቻ ነው።

«ሂድ ወዲያ!» አለችው። «ሥራ ፈት!»

እናታቸው ከጓዳ፣ «ምን አላችሁ?» ብላ ጠራች።

«ምንም» አሉ ሁለቱም፣ እኩል።

በሳምንቱ የኮሚኩ አዲስ ክፍል ወጣ። ደራሲው ጨክኖ ምስጢሩን ገለጠው። ጠብታዋ እንባ ናት። ሹልክ ታናሽ እህት ነበረችው፤ ከከተማዋ ጠርዝ ወድቃ ሞታለች፤ የምዕራቡን ሰንሰለት የፈታው ከተማዋ ስትዘም እህቱ የወደቀችበትን ገደል አንድ ጊዜ ለማየት ነው። አንባቢው አለቀሰ። ከሥሩ የልብ ምልክት እንደ ጉንዳን ፈሰሰ። ያቺ ጠብታዋን በቀይ የከበበችው ሴት «ብያችሁ ነበር» ብላ ለሦስት ቀን ነገሠች።

ምላጭ አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ላይ የነበረው ንቀት በቃላት አይገለጽም። የሞተች እህት! ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቀን የሞተች እህት! በሁለት ጣት ጻፈች፤ «ደራሲው ስለ ሹልክ ምንም አያውቅም።» ስድብ ወረደባት። ራስሽ ጻፊዋ፣ ልብ የለሽም፣ ሰው ሞቶብሽ አያውቅም እንዴ አሏት። ምላጭ አንድም ሳታስቀር አነበበች፤ ተመቻት።

የገረማት ጋሼ ናቸው። ደስታቸውን ልታይ ዞራ ብትጠብቅ፣ ስልካቸውን በክንዳቸው ርቀት ይዘው ከንፈራቸውን ጥለዋል።

«አሸነፉ እኮ ጋሼ። እንባ ነው።»

«አዎ» አሉ። ስልኩን ደፉት። «ግን ይሄ... ምክንያቱ ይቺን ብቻ ያክላል እንዴ? እኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ያለው መስሎኝ ነበር።»

«ምን ዓይነት?»

«እሱንማ አላውቅም።» መሞረጃቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «አለማወቄ ደስ ይለኝ ነበር ልበል?»

ምላጭ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ያን ቀን አልተሳለቀችባቸውም፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቅቤው ወርክሾፑ አልተመለሰም። ጋሼ ሊመልሱት ፈልገው ነበር፤ ምላጭ ወይ እሱ ወይ እኔ አለች። ሥራ ግን አላጣም። የዳኛው ባለቤት ቁጥሩን ፈልገው አገኙትና መኪና እንዲነዳላቸው ቀጠሩት። ዳኛው መጀመሪያ ቤቱን በጩኸት ሊያፈርሱት ነበር፤ አሁን ግን ፊት ወንበር ላይ ካልተቀመጥኩ ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ከተማውን እየዞሩ፣ እሳቸው እግረኛውንና መብራቱን ሲቆጡ፣ ቅቤው «ልክ ነዎት ክቡር ዳኛ» እያለ ይነዳል። ቤቱ እስከ ምሳ ጸጥ ይላል።

«አየሽ!» አሉ ጋሼ ወሬው ሲደርሳቸው። «ለሴትዮዋ ብሎ ነው የገባው።»

«መኪናው ወንበሩ ምቹ ስለሆነ ነው የገባው።»

«ዳኛውስ? ለምን ይቅር አሉት?»

«ሳምንት ሙሉ የገዛቸውን ሰው ማስገበር አምሯቸዋል።»

«ወይም ወደውት ይሆናል።»

«ጋሼ፣ ያ መንጋጋ ደርቋል» አለች ምላጭ፣ ስልኳን ኪሷ ከትታ፤ «ይልቅ ያውጡት።»